በዱባለ ባሕር ላይ የተጣለው ጋቢ

በዱባለ ቀብር ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ የነበሩት ሚስቱ ዘመነች፣ ልጁ ሔለን፣ ታላቅ እኅቱ እትዬ ወለተጻድቅ፣ የእሳቸው ልጅ አብርሽ፣ ጎረቤታቸው ሌሊሴ፣ እንዲሁም ከአስኮ የመጡና ከሟቹ ጋር በምን በኩል እንደሚዛመዱ ገና ያልተጣራ ሁለት አሮጊቶች ናቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ አማኑኤል በሩ ላይ ቆመው የጃንጥላቸውን ውሃ ያራግፋሉ። ይህን ጊዜ ከሳሎኑ ጥግ ያለው ትልቁ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ዱባለ በሞላለት ሰዓት መሠረት በራሱ ጊዜ ቦግ ብሎ በራ። ብርሃኑ የአሮጊቶቹን ነጠላ፣ የፍራሾቹን ጠርዝ፣ የእትዬ ወለተጻድቅን ግንባር ሳይቀር ሰማያዊ አደረገው። እትዬ ወለተጻድቅ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ብርሃኑን፣ ከዚያም የወንድማቸውን ሚስት አዩ።

«የሞተው እኮ ወንድሜ ነው» አሉ። «ይሄ የሟች ቤት ነው ወይስ ጭፈራ ቤት?»

አነጋገራቸው ልክ ነበር። ለሐዘኑ ሲባል ሶፋው ሌሊሴ ግቢ ገብቷል፤ ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንሶላ ተጥሎበታል፤ የሠርጉ ፎቶግራፍ ወርዶ፣ ቡፌው ላይ የነበሩት የፕላስቲክ አበቦች ተነሥተው፣ ወለሉ ፍራሽ በፍራሽ ሆኗል። ለሐዘኑ ያልታዘዘው አኳሪየሙ ብቻ ነው። ትናንት ከቀብር መልስ ጎረምሶች ሊያነሡት ሞክረው፣ ውሃ የሞላ ገንዳ የቤት መኪና ያህል እንደሚከብድ ሲያውቁ እየተሳሳቁ ትተውት ወጡ። አሁን ደግሞ ጭራሽ መብራቱን አብርቶ፣ ዓሣዎቹን እያዋኘ፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቁትን ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት እንደ ሠርግ ቤት አበባ እያወዛወዘ ለቀስተኛ ሊቀበል ተዘጋጅቷል።

አብርሽ ክርክር አይወድም። እናቱ አጥፋው ሲሉት ከገንዳው ኋላ ተንበረከከና የሽቦ ጫካ ገጠመው። የመብራቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ስላቃተው ሁሉም የተሰካበትን ዲቫይደር ከግድግዳው ነቀለ። መብራቱ ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ማሞቂያውም ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ የእድሩ የውሃ ማፍያ ገመዱ አጥሮ ሻይ ዘግይቶ ነበርና፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ባዶውን ዲቫይደር ይዞት ወጣ። ሁለት ሰው በማስደሰቱ እርምጃው ሁሉ ቀለል ብሎት ነበር። እትዬ ወለተጻድቅ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጋቢ አውልቀው ገንዳውን ከላይ እስከ ታች አለበሱት። ከዚያም እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለገንዳው ማስቀመጫ አስደግፈው ዳዊታቸውን ገለጡ።

ዘመነች በተቀመጠችበት የሰማችው ዝምታውን ነው። ዱባለ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያ ፓምፕ በዚህ ቤት ውስጥ ቆሞ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ «ዝናብ ጀመረ እንዴ?» እያለ በመስኮት ያይ ነበር። መብራት ሲሄድ እንኳ ዱባለ በመኪና ባትሪ ያስነሣዋል። አሁን እውነተኛው የሐምሌ ዝናብ በድንኳኑ ሸራ ላይ ይወርዳል፤ የቤቱ ግን አባራ። መብራቱ መጥፋቱ አላስጨነቃትም። ኮራል ለሰልስቱ ያህል ጨለማ ይችላል፤ ይህን ዱባለ ነግሯታል። የማይችለው የቆመ ውሃ ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር አያገኝም። መጀመሪያ ዓሣዎቹ፣ ቀጥለው ኮራሎቹ፣ ሳይመሽ ታፍነው ያልቃሉ፤ ቀድሞ የሞተውም ቀሪውን ይመርዛል።

ቤቱን የሚያውቅ ሰው፣ ዘመነች ለዚህ ገንዳ ተጨነቀች ቢባል አያምንም። ዱባለ ዕድሜውን የጨረሰው ጂቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ ነው። እሷ ሔለንን ወልዳ፣ አሳድጋ፣ አስመርቃ ስትጨርስ እሱ አሁንም መንገድ ላይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እንግዲህ ቤቱ ይቀመጣል ብላ ስትጠብቅ ባሕሩን ተሸክሞ መጣ። ጨው በባልዲ እያስመጣ፣ ውሃ እያጣራ፣ በላስቲክ ከረጢት ከዱባይ የተላኩ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ቁራጮችን ድንጋይ ላይ እያጣበቀ፣ ኮልፌ ውስጥ የራሱን ቀይ ባሕር አቋቋመ። የሰፈሩ ሰው ሀገር ያጣውን ወደብ ዱባለ ሳሎኑ አስገባው እያለ ይስቅበት ነበር። ኮራሎቹን በመስመሩ ከተሞች ስም ሰየማቸው። ቡናማዋ አዋሽ ሆነች፤ አረንጓዴዋ ሎግያ፤ ጫፏ የነጣው ገላፊ። ከሁሉም ትልቋ፣ ሐምራዊ ጣቶቿን ዘርግታ የምትወዛወዘው፣ ሚሌ ተባለች። ዘመነች በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የዱባለ መኪና በተበላሸ ቁጥር የሚበላሸው ሚሌ ላይ እንደነበረ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ እያለም እዚያው ሲያድር እንደኖረ አልረሳችም። የመኪና ሞተር ከተማ የሚመርጥ መሆኑን ከሷ በቀር ያስተዋለ አልነበረም።

ከዚያ ታመመ። አልጋ ከያዘ በኋላ ገንዳው ዘንድ መድረስ አልቻለምና እሷ እጁ ሆነች። መጀመሪያ የምትሠራው እያጉረመረመች ነበር። ውሃው ሲተን ጨው የሌለው ውሃ ጨምሪ ሲላት፣ የባሕር ውሃ እያልክ ጨው የሌለው ትለኛለህ ብላ ተቆጣች። «ወጥሽ ሲመጠጥ ጨው ነው የምትጨምሪው ውሃ?» አላት፤ ገባት። እጇን ሳትታጠብ እንዳትነካቸው፣ ሳሙናም በእጇ ላይ እንዳይቀር፣ ፍርፋሪም ቢሆን እንዳትጥልላቸው አስጠነቀቃት። ኮራል ሲመቸው ይከፈታል፣ ሲከፋው ይዘጋል፤ ከዚህ ሌላ ቋንቋ የለውም ይላት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤት ሆኖ ይጣራል። «ሚሌ ተከፈተች?» ተከፍታለች ትለዋለች። «ሎግያስ?» ግማሽ ግማሽ ናት ትለዋለች። ትዳራቸው ይህን ያህል ወሬ በዝቶበት አያውቅም። ሚሌን የምታበላት በሲሪንጅ ነበር፤ ምግቧን ከውሃ ጋር በጥብጣ፣ አፏ ዘንድ አስጠግታ፣ ቀስ እያለች። ስንት ዓመት የጠረጠረቻትን ከተማ በገዛ እጇ ስታጎርስ ራሷን እያየች፣ አንዳንዴ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

እናም ሐሙስ ጠዋት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ወዳለችው ሔለን ዘንበል አለች።

«ፓምፑን ስኪልኝ።»

ሔለን ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ አለቃዋና የሥራ ባልደረቦቿ እንደሚመጡ ነግረዋታል። ከጠዋት ጀምሮ ሐሳቧ ሁሉ ቤቱ እንዳያሳፍራት ነበር።

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር። አባዬ ትናንት ነው የተቀበረው። ስለ ዓሣ ነው የምታወሪው?»

«እየታፈኑ ነው።»

«ተይ በቃ። እትዬ እየሰሙሽ ነው።»

እውነት ነበር። እትዬ ወለተጻድቅ ዳዊቱን ከከፈቱ ጀምሮ አንድ ገጽ አልገለጡም። የወንድማቸው ሚስት ወንድማቸውን አትወደውም የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው፤ ሚስት እያለች ባል ከቤት የሚጠፋበትን ምክንያት ከሚስት ውጭ ፈልገው አያውቁም። አሁንም ዘመነች ዐይኗ ደርቆ፣ ሰው እግዜር ያጽናሽ ባላት ቁጥር አሜን እያለች ወደ ጋቢው ስትመለከት ያዩዋታል። የአስኮዎቹ አሮጊቶችም አይተዋል። አንደኛዋ ወደ ሁለተኛዋ ጠጋ ብላ፣ ይህቺ ሴትዮ አልወጣላትም፣ እንዲህ ያለው ሐዘን ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላ አለቻት። ሁለተኛዋ ደግሞ ሐዘን ካለ ነው የሚበላው አለች። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩ መስሏቸው ነበር።

ዘመነች ቀጥላ የእድሩን ዳኛ አስጠራች። ራሷ ተነሥታ እንዳትሰካው፣ ሐዘንተኛ በለቅሶው ቀን ከፍራሽ ተነሥቶ የቤት ሥራ አይነካም፤ ብትሞክርም ወዲያው ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው መልሰው ያስቀምጧታል። ጠዋት ውሃ ልጠጣ ብላ ስትነሣ እንደዚያ ነው ያደረጓት። አቶ ወልደ አማኑኤል ከፊት ለፊቷ በርከክ ብለው በአክብሮት ሰሟት፤ ይታያል አሏትና ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው፣ የመጣላቸውን ሻይም ጠጥተው ተመለሱ። የእድሩ ደንብ ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ድስትና ስለ ውሃ ማፍያ በግልጽ እንደሚናገር፣ ስለ ዓሣ ግን የሚለው እንደሌለ በዝርዝር አስረዷት። ባለፈው ዓመት በአንድ አባል ለቅሶ ላይ ስትጮህ ያስቸገረች በግ ወደ ጎረቤት እንድትዛወር ተወስኖ ነበር፤ ይህ ግን የማይዛወር በመሆኑ ኮሚቴው ከብዙ ውይይት በኋላ ሌላ ውሳኔ ላይ ደርሷል።

«ነገ ድንኳኑ ሲነሣ ወዲያው ይሰካል» አሉ። «እስከዚያው እግዜር ያጽናዎት።»

የቀረችው ሌሊሴ ናት። ሌሊሴ ብዙ አልጠየቀችም፤ ዱባለ ታሞ ሳለ የመድኃኒት ሰዓቱን አብራ ስትጠብቅ የከረመች ሴት ናት። ቤቷ ሄዳ የራሷን ዲቫይደር በነጠላዋ ስር ይዛ ተመለሰች። የግድግዳው ሶኬት ግን ያለው በትክክል ከእትዬ ወለተጻድቅ ጀርባ ነው። ሌሊሴ ጎንበስ ብላ፣ እትዬ፣ ይሄኛው ፍራሽ ይሻልዎታል፣ እዚያ ግድግዳው ይበርዳል አለቻቸው። እትዬ ወለተጻድቅ ቀና ብለው አዩዋትና፣ ወንድሜ ሁልጊዜ ማታ የሚቀመጠው እዚህ ነበር፣ ከዚህ የሚያስነሣኝ የለም አሉ። ይህም ልክ ነበር። ዱባለ ወንበሩን የሚያደርገው እዚያ ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ገንዳው፣ ጀርባውን ወደ ቤተ ሰቡ አድርጎ ነበር። ሌሊሴ ዲቫይደሩን ታቅፋ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማ ቀረች።

ከምሳ በኋላ ጋቢው የራሱን ሥራ ጀመረ። አንዱ ጫፉ ሲጣል ውሃው ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ እየመጠጠ በሌላው ጫፉ በኩል በእትዬ ወለተጻድቅ አንገት ላይ ያንጠበጥብ ገባ። እሳቸው ጣሪያውን አዩ። ወንድሜ ቆርቆሮውን ሳያስጠግን ባሕር ገዛ ብለው ተነፈሱና አብርሽን ጣሪያ ላይ አስወጡት። አብርሽ በዝናብ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ከታች ይሰማል። ዘመነች ጠብታዎቹን ታያቸዋለች። ውሃው እየጎደለ መሆኑን ታውቃለች፤ ደግሞም ያ ወፍራም ጋቢ ባይኖር ኖሮ በዚህ የሐምሌ ብርድ ውሃው እስካሁን ቀዝቅዞ ኮራሎቹን ይጨርሳቸው እንደነበር ታውቃለች። እትዬ ወለተጻድቅ ሳያውቁት የሚገድሉትን ሳያውቁት እያሞቁ ነበር። ልቧ ግን የተጨነቀው ስለ አየሩ ነው። በጋቢው ክፍተት፣ ከመስታወቱ ጥግ፣ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ አፏን ወደ ውሃው ወለል ሰቅላ አየር ስትፈልግ አየች። እንዲህ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ የላቸውም።

የሔለን የባንክ ሰዎች መጥተው፣ በየተራ ጨብጠው፣ ወንበር አጥተው ድንኳን ገቡ። አለቃዋ ወደ ጋቢው በአገጩ እያመለከተ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት፤ ሔለን ዕቃ ነው አለችው። ዘመነች ሰማቻት። ልጇን አላየቻትም፤ ልጇም እናቷን አላየቻትም። በመካከላቸው በዚያ ፍራሽ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበር፤ የዱባለ የሥራ ጓደኞች የነበሩት ሾፌሮች እስኪመጡ ድረስ ሁለቱም በዚያች ቦታ ላይ የነበረችውን የሶፍት ካርቶን ሲያዩ ቆዩ።

ሾፌሮቹ ከመንገድ ገና መምጣታቸው ነው። ተሳቢዎቻቸውን ዋናው መንገድ ዳር አቁመው፣ በጭቃው ውስጥ ተሰልፈው፣ ከበር ውጭ ጀምረው እየጮኹ ገቡ። ከፊት የሚመራቸው አማኑ የሚባለው፣ በልጅነቱ የዱባለ ረዳት የነበረ፣ አሁን ራሱ ሽበት ያወጣ ሰው ነው። አዲስ ለቀስተኛ እንዲህ እያለቀሰ ሲገባ ሐዘንተኛው ተነሥቶ አብሮ ያለቅሳል። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ሊነሣ የሚችልበት፣ ማንም ክንዱን ይዞ የማያስቀምጥበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው። ዘመነች ይህን ከጠዋት ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ያሰበችው ግን ጩኸቱን ስትሰማ ነው።

ተነሣች። እትዬ ወለተጻድቅም ዳዊታቸውን ጥለው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ወንድሜን እያሉ ከማስቀመጫው ተነሡ። አማኑ እጁን ዘርግቶ ወደ ዘመነች መጣ። እሷ በክንዱ ስር አልፋ ሄደች። ጋቢውን በሁለት እጇ ሳበችው፤ ውሃ የጠጣው ጋቢ በእትዬ ወለተጻድቅ እግር ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተደፍታ ክንዷን ውሃው ውስጥ ከተተች። ማማሰል ጀመረች።

ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዘመነች ይህን ስታይ፣ የሚያስጥላት ምን እንደሆነ ታውቃለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዱባለዬ!» አለች። ሴትየዋ እጇን መለሰች። ዘመነች ቀጠለች። ሙሾ አታውቅም፤ የመጣላትን ነው የተናገረችው። ቤትህን ጨለማ አደረጉት አለች። ትንፋሽ ነሱህ አለች። በዚያ ሁሉ በረሃ ያላለቅህ ሰው ሳሎንህ ውስጥ አለቅህ አለች። ሾፌሮቹ ይህን ሲሰሙ ሕጻን ሆኑ። አማኑ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። የአስኮዎቹ አሮጊቶች ደረታቸውን መቱ፤ ጠዋት ሐዘን ካለ ነው ያለችው ከሁሉም በላይ መታች።

ዘመነች እስከዚህ ድረስ የምታደርገውን ታውቃለች። ክንዷ ውሃውን ከላይ ከላይ ይገርፋል፤ ዐይኗ ዓሣዎቹን ይቆጣጠራል። አዋሽ ተኮማትራለች፤ ሎግያ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋለች፤ ሚሌ ጣቶቿን ሁሉ ሰብስባ ቡጢ አክላለች። ከዚያ ከሚሌ ሥር አንዲት ነገር አየች። የንፍሮ ሽምብራ ነበረች። ትናንት ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲታደል፣ አንድ ደግ ሰው ለእነዚህም ይድረሳቸው ብሎ ጣል አድርጎ ኖሯል። ዱባለ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል ወዲያው ሰማችው። ማነው ይሄን የጣለው፣ ዘመነች፣ ማነው ይሄን የጣለው እያለ፣ ከአልጋው ሊነሣ እየሞከረ፣ ትራሱን እየደበደበ። ሽምብራዋን በሁለት ጣቷ አነሣቻት። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ያሰበችው አልነበረም። ቃልም አልነበረውም። ክንዷ ግን ማማሰሉን አላቆመም።

ሔለን እናቷን ልታስነሣት መጣች። ሰው እያየን ነው ልትል አፏን ከፍታ ነበር። በዚያው አጎንብሳ ስትቀር ዓሣዎቹን አየቻቸው፤ ሁሉም ላይኛው ውሃ ላይ ተሰብስበው፣ አፋቸው እየተከፈተ እየተዘጋ፣ የእናቷን እጅ ይከተላሉ። አለቃዋ በበሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ያያል። ሔለን የጥቁር ሹራቧን እጅጌ ጠቀለለች።

«ምን ላድርግ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ላዩን ላዩን። እንደ ገንፎ አይደለም፤ እንደ አጥሚት።»

«ሰዓትሽን አውልቂ» አለቻት ቀጥላ፣ እያለቀሰች።

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተደፍተው አማሰሉ። ዘመነች ቀኟ ሲዝል በግራዋ ቀጠለች፤ ሴቶቹ ይህን ያዩት ሐዘኗ ከአንድ ክንድ በላይ መሆኑን ነው። በድንኳኑ ውስጥ ወሬው ደረሰ፤ ወንዶቹ ሻያቸውን ትተው በመስኮት ተደራረቡ። አቶ ወልደ አማኑኤል እንዲህ ያለ ፍቅር በእድሩ ታሪክ አይተው እንደማያውቁ ለኮሚቴው ጸሐፊ ነገሩት። ማንም ሊያስቆማት አልሞከረም። ዓሣ ለማትረፍ ብትነሣ ኖሮ ይይዟት የነበሩት እጆች ሁሉ አሁን እንባ ይጠርጋሉ።

እትዬ ወለተጻድቅ በእርጥቡ ጋቢ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ከስህተታቸው ጋር ሊታረቁ የሚሞክሩ ሰው ይመስላሉ። በመጨረሻ ዞር ብለው፣ ገና ከጣሪያ ወርዶ ውሃ የሚያንጠበጥበውን ልጃቸውን ጠሩት።

«አብርሽ። አብራው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ አጥፋው ያልሽኝ?»

«ወንድሜ የሚወደው ነገር ጨለማ ውስጥ ሲያድር ዝም ብለህ ታያለህ?» አሉት። «ልብ የሌለው።»

አብርሽ ዲቫይደሩን ከድንኳን ሊያመጣ ሲዞር ሌሊሴ ከነጠላዋ ስር የራሷን አወጣች። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት የለም። እትዬ ወለተጻድቅ ቦታ ለቀቁ፤ አብርሽ ተንበርክኮ ሰካ። መብራቱ ቦግ አለ፤ ፓምፑ አንድ ጊዜ አንኮራፋ፣ አረፋ ተፋ፣ ከዚያ ያ የዝናብ ድምፅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘመነች ክንዷን ከውሃው አወጣች። ሰማያዊው ብርሃን ሾፌሮቹን፣ አሮጊቶቹን፣ የባንክ አለቃውን ሁሉ እኩል አደረጋቸው። ከአስኮዎቹ አንደኛዋ ገነት ይመስላል አለች። አቶ ወልደ አማኑኤል ከድንኳኑ ሰዎች የሟቹን መታሰቢያ ማየት የሚፈልግ ካለ በተራ በተራ እንዲገባ አደረጉ፤ እስከ ማታም ሰዉ እየገባ፣ ጋቢው በነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ኮራሎቹን እያየ አለቀሰ። ኮራሎቹ ግን ሁሉም እንደተዘጉ ነበሩ።

ሰው ሲቀንስ ሌሊሴ ለዘመነች ምግብ አቀረበችላት። ክንዷ ደርቆ እስከ ብብቷ ነጭ ጨው ሠርቶበት ነበር። ሌሊሴ በእርጥብ ፎጣ ልትጠርግላት ስትል ተይው አለቻት። ሔለን ከገንዳው ኋላ ገብታ፣ ቆሞ የዋለውን የመብራት ሰዓት በስልኳ እያየች አስተካከለችው። የጎደለውን ውሃ ልሙላ፣ ጨው ያለው ነው የሌለው ብላ ጠየቀች። ዘመነች ስለ ወጥ ነገረቻት። እትዬ ወለተጻድቅ ሌላ ጋቢ ለብሰው በቦታቸው ተኝተዋል፤ ከመተኛታቸው በፊት ለአሮጊቶቹ፣ እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ወንድሜን የምትወደው ይህቺ ብቻ ናት ሲሉ ተሰምተዋል።

አርብ ጠዋት መብራቱ በሰዓቱ በራ። ገላፊ ሙሉ በሙሉ ነጥታለች፤ ብርቱካንማዋ ዓሣ ሞታ ተንሳፍፋለች፤ ሎግያ ግማሽ ግማሽ ናት። ሚሌ ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ ተከፍታለች። ዘመነች ከፍራሿ ላይ ሆና አየቻት፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ለማንም አልተናገረችም። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ።